ለባለቤቴ የባላባት ልብስ ለሰፉልን አባት የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት ለባለቤቴ የሠሩለትን ሥራ በአደባባይ ማመስገን ስለሚገባኝ ይህን እጽፋለሁ። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ዚፕ ሲቀይሩና የሠርግ ሱፍ ሲያጠብቡ ይሆናል፤ እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ከዚህ ሌላ ሥራ ይሠራሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ታሪክ ወዳድ ነው። በየዓመቱ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ባሉት ቅዳሜና እሁዶች በክራውንስቪል የሚካሄደው የሜሪላንድ ሬነሳንስ ፌስቲቫል አያመልጠውም፤ ሥፍራው በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን እንደነበረ የእንግሊዝ መንደር ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ከጎብኚው ብዙው የዘመኑን ልብስ ለብሶ ይመጣል። ዘንድሮ እርሱም ለብሶ መግባት ፈለገ። የመረጠው ግን የእንግሊዝ ባላባት ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1541 በቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ መሪነት ምጽዋ ላይ ወርደው አፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ወደ ደጋው ከወጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች መካከል የአንድ የጨዋ ልጅ መልክ ነበር። በዚያ ዓመት ሄንሪ 8ኛ ገና በዙፋኑ ላይ ስለነበረ ዘመኑ ከፌስቲቫሉ ጋር ይገጥማል፤ ለልጆቻችን የምንነግረው የአገራችን ታሪክም አለበት።

መጀመሪያ ከኢንተርኔት ያዘዝነው ልብስ አሳዝኖን ነበር። ከፋይ ይመስላል የተባለው ጨርቅ ስስ ፖሊስተር ሆኖ ተገኘ፤ እጅጌው ላይ በመቀስ ሊቀደድ የሚገባው ቅድ በቀለም ብቻ የታተመ ነበር፤ ባለቤቴ ገና ሲሞክረው ትከሻው ላይ ተተረተረ። ሻጩም ገንዘባችንን ሊመልስልን አልፈቀደም። ወደ ጋሼ የሄድኩት የተተረተረውን ያስተካክሉልኝ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። እርሳቸው ግን ልብሱን ገልብጠው ስፌቱን ካዩ በኋላ አጥፈው መለሱልኝና ባለቤቴን ይዤው እንድመጣ ነገሩኝ።

ባለቤቴ ሲመጣ ሜትሩን ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁትን አልረሳም፦ «ልጄ፣ ይህ ሰው ከቤቱ ከወጣ ስንት ወሩ ነው? ፈረስ አለው ወይስ በእግሩ ነው የሚሄደው? ሰይፉንስ በየት በኩል ይታጠቃል?» ባለቤቴ በደስታ ሁሉንም አስረዳቸው፦ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ከምጽዋ ቆላ ወደ ደጋ ዳገት የወጣ፣ ልብሱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቁበት ሰው ነው አላቸው። ከዚያ በኋላ የተወሰነው ሁሉ፣ ከጨርቁ ምርጫ ጀምሮ እስከ ጠፍሩ ድረስ፣ ከዚህ መልስ የተነሣ ነው።

ከውስጥ ሰፊ የሊነን ሸሚዝ አደረጉለት፤ የኦገስትን ወበቅ የሚችል ሌላ ጨርቅ የለም ብለው ፖሊስተርን ለገበር እንኳ አልተቀበሉም። በላዩ ደብሌት የሚባለውን፣ በእኛ እጀ ጠባብ ልንለው የምንችለውን ወገብ ድረስ የሚደርስ ልብስ፣ ከጥቁር ቡናማ ሱፍ ሰፉ። ከላይ ደግሞ እጅጌ የሌለው የቆዳ ሰደርያ ይደረባል። እጅጌው ላይ ያሉትን ቅዶች ያወጡት ከክሩ አቅጣጫ በሰያፍ ነው፤ በቀጥታ የተቀደደ ጨርቅ ጫፉ ቶሎ ይተረተራል፤ በሰያፍ ከሆነ ግን ይቆያል። በቅዶቹ መካከል የውስጡ ነጭ ጨርቅ ትንሽ ብቅ እንዲል አድርገውታል።

ባለቤቴ በሥዕል ያየውን ትልቅ፣ በስታርች የደረቀ የአንገት ዙሪያ እጥፋት በጣም ይፈልግ ነበር። ጋሼ ሦስት ቀን አንብበው ከተመለሱ በኋላ እንዲህ ያለው ትልቅ አንገትጌ የመጣው በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ስለሆነ ለ1541 ሰው አይሆንም አሉ፤ በምትኩ የሸሚዙን አንገት በጥቃቅን እጥፋት ሰብስበው ዳሩን በጥቁር ክር ጠለፉት። ደንበኛ የጠየቀውን ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ሲቻል እንዲህ መከራከር ለሥራው ያላቸውን ክብር ያሳያል፤ ባለቤቴም ዛሬ ትክክል እንደነበሩ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ቀዳዳዎቹ ናቸው። በዚያ ዘመን ሱሪው በቀበቶ አይያዝም፤ በወገብ ዙሪያ በተደረደሩ ቀዳዳዎች በኩል በማሰሪያ ከደብሌቱ ጋር ይታሰራል። ጋሼ ቀዳዳዎቹን በመቀስ አልቆረጡም፤ ወስፌ አስገብተው ክሩን ሳይበጥሱ ወደ ጎን እየገፉ ከከፈቱት በኋላ ሰም በተቀባ ክር ዙሪያውን በእጃቸው ቋጠሩት። ክሩ ስላልተበጠሰ ቀዳዳው ሲሳብ አይሰፋም። 12 ጥንድ ቀዳዳ እንዲህ አንድ በአንድ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ማሰሪያዎቹም ጫፋቸው በናስ የታሰረ የቆዳ ጠፍር ነው። ጎንበስ ማለት ሲፈልግ የጀርባውን ማላላት እንደሚችል አሳይተውታል። ስለ ሥራው በታማኝነት ለመናገር፣ የማይታየው የውስጥ ስፌት በመኪና የተሠራ ነው፤ ዋጋው እንዳይወደድብን ብለው አስቀድመው ነግረውናል።

ልብሱን መንገድ ያየ ማስመሰል ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ቆዳውን በዘፈቀደ አልቧጨሩትም። ሁለተኛው ፕሮቫ (የልኬት ሙከራ) ላይ ባለቤቴን ሰይፍና ቀበቶ አስታጥቀው ሱቁ ውስጥ እንዲመላለስ፣ እንዲቀመጥና እንዲነሣ አደረጉ፤ የሚፋተገውን ቦታ ሁሉ በኖራ ምልክት አደረጉበት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈጉት ያንን ብቻ ነው፦ ሰይፉ የሚንጠለጠልበትን ግራ ዳሌ፣ የካባው ማሰሪያ የሚያርፍበትን ትከሻና ክርኑን። ሸሚዙን ደግሞ በቀጭኑ በተፈላ ቡና ውስጥ አሳድረው ነጭነቱን ሰበሩት። የግራው ዳሌ ላይ ያለው ቆዳ አሁን ሲነካ ለስላሳ ነው፤ የቀኙ ግን ገና አዲስ ነው። ይህችን ልዩነት ሳይ ሰውየው በእርግጥ በሕይወት የነበረ መሰለኝ።

ሥራው በጠቅላላው ስድስት ሳምንትና ሦስት ፕሮቫ ፈጀ፤ ቆዳውንና ጨርቁን ጨምሮ 520 ዶላር ከፈልን። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ከገባበት የእጅ ሥራ ጋር ሳስተያየው ግን እንዲያውም አነሰ እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ከጠዋት እስከ ማታ ለብሶት ሲውል አንዲት ክር አልተፈታችም፤ የልብስ ሥራ የሚያውቁ ሁለት ሰዎችም አስቁመውት ቀዳዳዎቹን አገላብጠው ተመለከቱ። ታናሽ ልጃችን ደግሞ አባቷን እየተከተለች ገላውዴዎስ ማን እንደሆነ ስትጠይቅ ዋለች።

የቴአትር፣ የባህል ዝግጅት ወይም እንዲህ ያለ የታሪክ ልብስ የምትፈልጉ ሁሉ ያለ ሥጋት ወደ እርሳቸው እንድትሄዱ እመክራለሁ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ልብሱን ለብሳችሁ ምን እንደምትሠሩ ለማስረዳት ተዘጋጁ፤ የምትጫሙትን ጫማና የምትታጠቁትን ቀበቶ ከመጀመሪያው ቀን ይዛችሁ ቅረቡ። ሰኞ ሱቁ ዝግ ነው። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በእርሳቸው ፈቃድ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።