ዝንፈት ፈላጊ ጨዋታዎች፦ የትኛውን ልግዛ ለሚል ሰው

ዘ ኤግዚት 8 በሚባለው ጨዋታ፣ ስንት ዙር እንዳለፍኩ የሚቆጥረው ሰሌዳ ሰባት ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ የተመለስኩት በአንድ የበር እጀታ ምክንያት ነው። እጀታው ከበሩ ጠርዝ ተነሥቶ መሐል ላይ ተቀምጦ ነበር። በአጠገቡ አለፍኩ። ዓይኔ አይቶታል፤ ልቤ ግን አላስተዋለውም። ጥጉን ዞሬ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ሳነብ ማንም አላሳደደኝም፣ ማንም አልጮኸብኝም። ያም ሆኖ ብዙ ጭራቅ ያለባቸው ጨዋታዎች ያልሰጡኝ ቅዝቃዜ በጀርባዬ ወረደ።

ይህ የጨዋታ ዓይነት ለገዢው የሚሰጠው እንዲህ ያለውን ስሜት ነው። ተጫዋቹ ጠመንጃ አይዝም፣ ጠላት አይገድልም። አንድ ቦታ ተመልሶ ተመልሶ ይመጣበታል፤ ከወትሮው የወጣ ነገር ካለ ለይቶ ማወቅ አለበት። ያንን ከወትሮው የወጣ ነገር እዚህ ላይ ዝንፈት እለዋለሁ። በልጅነታችን የሁለት ሥዕሎችን ልዩነት ፈልጉ የሚል እንቆቅልሽ በመጽሔት ገጽ ላይ እንፈታ ነበር። እዚህ ግን አንደኛው ሥዕል በእጃችን የለም። በትውስታችን ተሸክመነው መሄድ አለብን፤ ትውስታ ደግሞ ሁልጊዜ አይታመንም።

ሐሳቡ ድንገት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የጃፓናዊው ጨዋታ ሠሪ የሂዴዮ ኮጂማ አጭር የፍርሃት ጨዋታ ፒ.ቲ. ፕሌይስቴሽን 4 በሚባለው የጨዋታ መሣሪያ በነጻ ወጥቶ አንድን የቤት ውስጥ መተላለፊያ እየደጋገመ በማሳየት ብዙዎችን አስደንግጧል። በ2015 ከመደብሩ ስለተነሣ ዛሬ ላውርደው ቢባልም አይገኝም። ከእርሱ በኋላ የመጡትና ዛሬ በጥቂት ዶላር የሚገኙት ጨዋታዎች አብዛኞቹ በአንድ ሰው ወይም በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች የተሠሩ ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ገንዘብ ሊወጣባቸው ይገባል የምላቸውን አራቱን አነጻጽራለሁ። መለኪያዬ የትኛው የበለጠ ያስፈራል የሚል አይደለም። እያንዳንዱ ከተጫዋቹ የሚጠይቀው የማስተዋል ዓይነት ይለያያል፤ ምርጫውም መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

ሁለቱን ዋናዎቹን ላስቀድም።

ዘ ኤግዚት 8 ኮታኬ ክሪኤት በሚል ስም የሚሠራ ጃፓናዊ አዘጋጅ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ጨዋታዎች በኢንተርኔት በሚሸጡበት መደብር በስቲም ያወጣው ነው። በቀጣዩ ዓመት ለኒንቴንዶ ስዊችና ለፕሌይስቴሽንም ቀርቧል። የስቲም መደበኛ ዋጋው 3.99 ዶላር ነው። ቦታው በጃፓን የባቡር ጣቢያዎች የሚገኘውን ዓይነት የምድር ውስጥ መተላለፊያ ነው፦ ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ግድግዳ፣ በአንዱ ወገን ማስታወቂያዎች፣ በሌላው የተዘጉ በሮች፣ ከራስ በላይ ቢጫ ሰሌዳ፣ መሬት ላይ ለዓይነ ስውራን መሪ የሆነው ቢጫ መስመር። ቦርሳ የያዘ አንድ ጎልማሳ ከፊት ለፊት እየተራመደ ይመጣና ያልፋል። ሕጉ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ዝንፈት ካያችሁ ወዲያውኑ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ካላያችሁ ወደ ፊት ቀጥሉ። በትክክል በፈረዳችሁ ቁጥር ሰሌዳው አንድ ይጨምራል፤ ስምንት ሲደርስ መውጫው ይገኛል። አንዴ ከተሳሳታችሁ እንደገና ከዜሮ ነው።

የዚህ ጨዋታ ብልኀት ቅጣቱ በሁለቱም ወገን መሆኑ ነው። ዝንፈቱን ሳያይ ያለፈ ይወድቃል፤ ምንም በሌለበት የተመለሰም ይወድቃል። ቸልተኝነት እንደሚያስከፍል ሁሉ ጥርጣሬም ያስከፍላል። ስድስት ወይም ሰባት ላይ ስትደርሱ ሁሉም ነገር የተለየ መምሰል ይጀምራል። ያ ማስታወቂያ ቅድምም እንዲህ ትልቅ ነበርን? ሰውየው ቅድምም እንዲህ ያየኝ ነበርን? ቆማችሁ ታፈጣላችሁ፤ ባፈጠጣችሁ መጠን እርግጠኝነታችሁ ይሸሻል። ይህን ያህል ጭንቀት ከአንድ ባዶ መተላለፊያ ማውጣት የተዋጣለት ሰው ሥራ ነው። አንዳንዶቹ ዝንፈቶች ሩቅ ሆነው የሚታዩ ናቸው፣ ጥቂቶቹም እናንተን ለመያዝ ይመጣሉ፤ ምርጦቹ ግን ዝም ብለው የሚጠብቁት ጥቃቅኖቹ ናቸው።

ጉድለቱ ዕድሜው ነው። አዘጋጁ ራሱ ከ15 እስከ 60 ደቂቃ እንደሚፈጅ ይናገራል፤ እኔን የመጀመሪያው መውጫ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ አልወሰደብኝም። ያላየኋቸውን ዝንፈቶች ለመሰብሰብ ተመልሼ ገባሁ፤ እርሱም ደስ ይላል፣ ነገር ግን የመጀመሪያው ፍርሃት አንዴ ካለቀ አይመለስም። ታሪክም የለውም። ሰውየው ማን ነው፣ እኛስ ማን ነን ብሎ ለሚጠይቅ መልስ አይሰጥም።

አይም ኦን ኦብዘርቬሽን ዲዩቲ በዚህ ሁሉ ተቃራኒው ነው። ኖቶቪያ በሚል ስም የሚሠራ አዘጋጅ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው ተከታታይ ሥራ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል 5 ዶላር ገደማ ነው። እዚህ አትራመዱም፤ ትቀመጣላችሁ። የሌሊት ጥበቃ ላይ ናችሁ፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ፈረንጆቹ ስድስት ሰዓት እስከሚሉት ድረስ የቤቱን ክፍሎች በደኅንነት ካሜራ እየቀያየራችሁ ታያላችሁ። ወንበር ቦታ ይለውጣል፣ ሥዕል ይለወጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ያልነበረ ሰው ጥግ ላይ ይቆማል። ክፍሉንና የዝንፈቱን ዓይነት ከዝርዝር መርጣችሁ ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ሪፖርት ያልተደረጉ ዝንፈቶች ከተጠራቀሙ ጥበቃው ያበቃል፤ ቀጣዩ ሙከራ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል።

በኤግዚት 8 የሚያስፈራው ነገር ፊት ለፊታችሁ ነው። እዚህ ግን የሚያስፈራው በዚያች ደቂቃ የማታዩት ክፍል ነው። ወጥ ቤቱን እያያችሁ መኝታ ቤቱ ምን እየሆነ እንደሆነ ታስባላችሁ፤ ወደ መኝታ ቤቱ ስትዞሩ ወጥ ቤቱ ከእጃችሁ ወጥቷል። አንድ ካሜራ ላይ ብትቆዩ ሌላው ያመልጣል፤ ብትጣደፉ ሁሉንም አይታችሁ ምንም አላያችሁም። ስለዚህ የሚፈተነው የቅጽበት ንቃት ብቻ አይደለም። ምንጣፉ ላይ ስንት ወንበር እንዳለ፣ የቱ መጋረጃ ገርበብ እንዳለ፣ የቱ መጽሐፍ ተዘቅዝቆ እንደተቀመጠ መጀመሪያ ላይ ሰከን ብሎ ማጥናት ይጠይቃል። ተማሪ ሳለ ከፈተና በፊት ማስታወሻውን ገጽ በገጽ በአእምሮው ይሥል የነበረ ሰው እዚህ ቤቱ ነው።

ይህንን ከታናሽ እህቴ ጋር ተጫውቼዋለሁ፤ ለሁለት ሰው የሚመች መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እርሷ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሁሉ አይጠፋትም፤ እኔ ወለል ላይ ያለውን እይዛለሁ። «ወንድም ዓለም፣ ያቺ ሴትዮ በሥዕሉ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር፣ አሁን ገልጣለች» ስትለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ የራሳችንን ሳሎን አየሁ። ኤግዚት 8 ለብቻ የሚኬድበት መንገድ ነው፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው መልሱን ቶሎ ስለሚናገር ጣዕሙን ያጠፋዋል።

የኦብዘርቬሽን ዲዩቲ ደካማ ጎንም አለ። ምስሉ ደረቅ ነው፤ አብዛኛው ነገር የቆመ ፎቶግራፍ ይመስላል። ከዚያ የሚብሰው ግን ዝርዝሩ አንዳንድ ጊዜ አሻሚ መሆኑ ነው። አንድ ዕቃ ጠፋ ነው የምለው ወይስ ተንቀሳቀሰ? ዝንፈቱን በትክክል አይታችሁ ስሙን ስለሳታችሁ ሪፖርቱ ውድቅ ሲሆን ያበሳጫል፤ እየቆጠረ ያለው ሰዓት ደግሞ አይጠብቅም። ሆኖም አንድ ክፍል ገዝቶ ለሳምንት ምሽቶች መመላለስ ይቻላል። ለዋጋው የሚሰጠው ሰዓት ከአራቱ ሁሉ የተሻለ ነው። ከተከታታዮቹ መጀመር ያለበት ከየትኛው ነው ለሚል፣ ከኋለኞቹ ከአንዱ ጀምሩ እላለሁ፤ ቦታዎቹ ይበዛሉ፣ አሠራራቸውም ይጸዳል።

ዘ ካቢን ፋክተሪ ሦስተኛው ነው። ኢንተርናሽናል ካት ስቱዲዮስ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በ2.99 ዶላር አውጥቶታል። እናንተ የእንጨት ጎጆ ቤት የሚያመርት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ናችሁ። ወደ እያንዳንዱ ጎጆ ገብታችሁ ትመረምራላችሁ፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ወጥታችሁ ደኅና ነው የሚለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ አንዳች ነገር ከተንቀሳቀሰ ሩጣችሁ ወጥታችሁ አደጋ አለ ትላላችሁ። የመለያ ሕጉ እንቅስቃሴ ስለሆነ ትውስታን ያን ያህል አይፈትንም። የሚፈትነው ትዕግሥትን ነው፦ በጨለማ ክፍል ውስጥ አሻንጉሊት ፊት ቆሞ ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅ። ከጎጆ ወደ ጎጆ ስትሄዱ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ቀስ በቀስ ይገለጣል፤ ኤግዚት 8 ታሪክ የለውም ብሎ ቅር የተሰኘ ሰው እዚህ ይካሳል። በድንገት ብቅ ብሎ ማስደንገጥ ግን ይበዛበታል። እንዲህ ያለውን የማይወድ፣ ልቡም የሚደክምበት ሰው ቢተወው ይሻላል። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አያልፍም።

ፕላትፎርም 8 የኤግዚት 8 አዘጋጅ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ተከታይ ነው፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም። በማያልቅ ባቡር ውስጥ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ትሄዳላችሁ። ወደ ኋላ መመለስ መልስ መሆኑ ቀርቷል፤ እያንዳንዱ ዝንፈት የራሱን መላ ይፈልጋል። አንዱ ጋ መሮጥ፣ አንዱ ጋ መቆም፣ ሌላው ጋ በጥንቃቄ መመልከት። ስለዚህ ይበልጥ እንቆቅልሽ ነው፤ ያ ልብን የሚያደርቀው አለ ወይስ የለም የሚለው ጥርጣሬ ግን ተዳክሟል። የመጀመሪያውን ለወደደ ጥሩ ነው። ከእርሱ የሚጀምር ግን የዚህ ዓይነት ጨዋታ ነፍስ ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

ከእነዚህ ውጪ ያለው ብዙ ነው። በጃፓን የኤግዚት 8 ተከታዮች «ሐቺባን ላይክ»፣ ስምንት ቁጥር መሳይ፣ የሚል የጋራ ስም እስኪወጣላቸው ድረስ በዝተዋል። ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ አሳንሰር ያልተሠራበት የለም። አንዱን ለመግዛት ስታስቡ የገዙትን ሰዎች አስተያየት አንብባችሁ ሦስት ነገር አጣሩ። ዝንፈት የሌለበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው? ያለ ምክንያት መጠርጠር ይቀጣል? ዝንፈቶቹ በሚገባ ለሚያይ ሰው የሚታዩ ናቸው? የመጀመሪያው ከሌለ የምታስታውሱት ነገር የለም። ሁለተኛው ከሌለ ሁልጊዜ እየተመለሱ ማሸነፍ ይቻላል። ሦስተኛው ከሌለ ጨዋታው ዕጣ መጣል ሆኗል። ብዙዎቹ የሚወድቁት በሦስተኛው ላይ ነው።

ስለ ኮምፒውተር ትንሽ ልበል። ኤግዚት 8 ትንሽ ቢመስልም አንሪል ኢንጂን 5 በሚባለው ከባድ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ነውና የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ተራ ላፕቶፕ ሊከብደው ይችላል። ምስሉ ከተንገጫገጨ ደግሞ ጥቃቅን ዝንፈቶች ስለማይታዩ ጨዋታው ፍትሐዊ መሆኑ ይቀራል። ኦብዘርቬሽን ዲዩቲ ለደካማ ኮምፒውተር ይበልጥ ይራራል። ቋንቋን በተመለከተ አንዱም አማርኛ የለውም። ኤግዚት 8 ላይ የሚነበበው አንድ ሰሌዳ ብቻ ስለሆነ ሕጉን የነገሩት ልጅ ሁሉ ይጫወተዋል፤ ኦብዘርቬሽን ዲዩቲ የዝንፈቶቹን የእንግሊዝኛ ስሞች ማወቅ ይፈልጋል፤ ካቢን ፋክተሪ ደግሞ ታሪኩን ለመከተል ከሁለቱ ይበልጥ ንባብ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚገዛ ትልቁ ጉዳይ ክፍያው ነው። ስቲም በብር አይሸጥም፤ ለውጭ አገር ክፍያ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ መልክ ሊልክላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን በሁለቱ አገሮች መካከል የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ስቲም ስጦታውን አያሳልፍም። ስለዚህ ዘመዳችሁ ከመክፈሉ በፊት ሁለታችሁም በየአገራችሁ የሚታያችሁን ዋጋ ተያዩ።

ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጨዋታ ገንዘብ ይመልሳል። ኮምፒውተራችሁ አልችል ካለ ተጠቀሙበት፤ መብታችሁ ነው። በሃምሳ ደቂቃ ጨርሶ፣ ተደስቶ፣ ከዚያ ገንዘቡን ማስመለስ ግን ብቻውን ተቀምጦ ያንን መተላለፊያ የሠራ ሰው የላቡን ዋጋ መንፈግ ነው፤ አታድርጉት።

አንድ የመጨረሻ ጥንቃቄ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ሌላ ሰው ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ አትዩ። ሌላ ጨዋታ ቢሆን ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ያያችሁት እያንዳንዱ ዝንፈት ከገዛችሁት ላይ የተቀነሰ ነው። የበሩን እጀታ እኔ አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ፤ ሌሎቹን ራሳችሁ ፈልጉ። የመደብሩን ገጽ ክፈቱ፣ የኮምፒውተር መስፈርቱን አንብቡ፣ የማስታወቂያ ቪዲዮውንም ከመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች በኋላ ዝጉት።