ዕርቁም ሳይቀር ካሣውም ሳይቀር፦ ለጠበቃችን ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። የመኪና አደጋ ደርሶባችሁ ጠበቃ የምትፈልጉ ካላችሁ ይቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜን ሳሪስ አካባቢ ዜብራ ላይ አይሱዙ ገጨው። ጭኑ ተሰብሮ ብረት ገባለት። ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ይራመዳል፤ መንበርከክ ግን አይችልም። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ሴራሚክ ደግሞ ተንበርክኮ ነው የሚነጠፈው።

የኛን አገር ታውቁታላችሁ፤ አደጋ ሲደርስ ከኢንሹራንስ በፊት ሽማግሌ ነው የሚመጣው። ወንድሜ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ የሹፌሩ ሰዎች ቤታችን መጡ። አንደኛው ቄስ ናቸው። እናቴን መስቀል አሳለሟትና «ልጁ ሆን ብሎ አላደረገውም፣ እሱም የልጆች አባት ነው» አሏት። እውነታቸውን ነው። እናቴም እያለቀሰች ይቅር አለች። ወዲያው ግን ከአንዱ ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት ወጣ። ለመታከሚያ የሚሆን ብር ይሰጣሉ፣ ወንድሜ ይፈርማል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሽማግሌ አሳፍሮ መመለስ ነውር ነውና «ልጁ ያንብበውና እንነጋገራለን» ብለን በጨዋ ደንብ ሸኘናቸው።

ያኔ ነው የጎረቤታችን ልጅ ከዚህች ጠበቃ ጋር ያገናኘን። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈችና ጮክ ብላ ደገመችው፦ «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «እማማ፣ ይቅርታዎን አይመልሱ። ወረቀቱን ግን ለኔ ይተዉልኝ።»

ራሷ እንደገና ጻፈችው። ሹፌሩ ይቅርታ ጠይቋል፣ ይቅርታም ተደርጎለታል፣ ብሩ ለህክምና የተሰጠ ነው፤ ከመኪናው ባለቤትና ከኢንሹራንሱ የሚጠየቀው ካሣ ግን እንደተጠበቀ ነው። ሽማግሌዎቹ አንብበው ተስማሙ፤ ማንም አልተቀየመም። ሹፌሩም ያንኑ ወረቀት ለወንጀል ችሎቱ አቅርቦ ለቅጣት ማቅለያ ጠቀመው። ይህቺን ሴት የወደድኳት በዚህ ነው። ሌላ ጠበቃ ቢሆን ሽማግሌዎቹን አባርሩ ይለን ይሆናል።

ቀጥሎ የመጣው የሰፈሩ ምክር ነው። «ሹፌር ምን አለው? ደሞዝተኛ ከሰሳችሁ ምን ልታገኙ ነው?» ያላለን ሰው የለም። እሷ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 አወጣችልን። መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው መሆኑ አያድነውም። በዚያ ላይ በአዋጅ 799/2005 መሠረት ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። ኢንሹራንሱ እስከ ጣሪያው ይከፍላል፣ ከዚያ የተረፈው ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። የኛዋ አይሱዙ ደግሞ እንደ ብዙ መኪና በውክልና ተሽጣ ሊብሬዋ የቀድሞው ሰውዬ ስም ላይ ነበረች። ሻጩንም ገዢውንም አንድ ላይ ከሰሰቻቸው። እነሱ እርስ በርስ ይጨቃጨቁ፣ እኛን አይመለከተንም አለች።

ይርጋውን ደግሞ ልብ በሉ። ካሣ መጠየቂያው ጊዜ በመሠረቱ 2 ዓመት ነው፣ አንቀጽ 2143። «የወንጀሉ ክስ ይለቅና» እያሉ ቁጭ የሚሉ ሰዎች ጊዜው እያለቀባቸው ነው። እሷ ወንጀሉን ሳትጠብቅ ልደታ ክሱን ከፈተች። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል ስለማንችልም ወንድሜ በደሃ ደንብ እንዲከስ አመልክታ ተፈቀደለት። እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩን ስንቶቻችን ነን የምናውቀው?

ኢንሹራንሱ (ስሙን አልጠራም) ያቀረበው መከራከሪያ ወንድሜ ከዜብራ ውጭ ተሻግሯል የሚል ነው። ጠበቃችን የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ኮፒ አወጣች። ፕላኑ ላይ የፍሬኑ ምልክት የት እንደጀመረ በሜትር ተጽፏል። በዚያ አልበቃትም። አንድ እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከኔ ጋር ሳሪስ ሄደችና ርቀቱን ራሷ ለካች። ሜትሩ የወንድሜ የሥራ ሜትር ነው፣ ሲሚንቶ የደረቀበት። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ አስፋልት ላይ ቁጢጥ ብያለሁ፣ እሷ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጥልቃ ማስታወሻ ትጽፋለች። ችሎት ላይ የትራፊክ ፖሊሱ ሲመሰክር የት የት ላይ እንደምትጠይቀው አሳምራ ታውቅ ነበር።

ሌላው ጣጣ ገቢ ማስረዳት ነው። ወንድሜ ፔሮል የለውም፤ በካሬ ተነጋግሮ የሚሠራ ልጅ ነው። ያሠሩትን ኮንትራክተሮች ለምስክርነት ጠራቻቸው፣ የባንክና የቴሌብር ዝርዝሩን አስወጣችው፣ ስልኩ ላይ ያሉትን የሠራቸውን መታጠቢያ ቤቶች ፎቶ ሳይቀር አሳተመችው። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባሉት መጠን፣ ይቆርጣሉ፤ ለመቁረጥ ግን የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ አለችን። የቋሚ ጉዳቱን መጠን የሐኪሞች ቦርድ በፐርሰንት ጽፎ ስለሰጠን እሱም ተያያዘ።

ሐቀኛ መሆኗን ያየሁት ደግሞ እናቴ «ልጄ የተሰቃየበትስ?» ብላ ስትጠይቃት ነው። የሕሊና ጉዳት ካሣ በሕጉ ከ1000 ብር አይበልጥም አለቻት። ሕጉ በ1952 የወጣ ነው፤ ያኔ ሺ ብር ብር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሚሊዮን ቆጥሮ ያሳየን ነበር። ሆስፒታል በር ላይ የያዘን አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ እንዲያውም ቆጥሮልን ነበር። ፈቃድህን አሳየን ስንለው ጠፋ። እሷ ከፍትሕ ሚኒስቴር የተሰጣትን ፈቃድ ያሳየችን ሳንጠይቃት ነው። ክፍያዋንም በጽሁፍ ተዋዋልን፤ ጥቂቱን መጀመሪያ፣ የቀረውን ከፍርድ በኋላ።

ተፈረደልን። ኢንሹራንሱ ድርሻውን ከፈለ። ባለቤቱ አፈጻጸም ተከፍቶበት በየወሩ እየከፈለ ነው። ወንድሜ በገንዘቡ የሴራሚክና የሳኒተሪ ዕቃ መሸጫ ትንሽ ሱቅ ተከራይቷል። ስለ ሴራሚክ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሻጭ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ጉድለቷንም ልናገር። ትቆጣለች። ደረሰኝ የጣለ ሰው ወዮለት፤ እናቴን ሳይቀር ስለ አንድ የፋርማሲ ደረሰኝ ገስጻታለች። ቀጠሮ ሲራዘምም አስቀድማ አትነግርም፣ ልደታ ደርሳችሁ ነው የምትሰሙት።

ስሟን እዚህ ላይ እንዳልጽፍ ራሷ ጠይቃኛለች፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልባት። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣለሁ። ስትሄዱ የህክምና ወረቀታችሁን፣ ደረሰኞቹን፣ የታርጋ ቁጥሩንና ካላችሁ የትራፊክ ፕላኑን ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በፊት ችሎት ስለምትሆን ስልክ አታነሳም፤ ቴክስት አድርጉላት።