የሆኪ ቡድናችንን ጫማዎች ለሚጠግኑልን የሐዋሳ ቶርኖ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በሐዋሳ ከተማ እሑድ እሑድ ማለዳ በአንድ ትምህርት ቤት የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ሆኪ የምንጫወት 14 ሰዎች ነን። ይህን የምጽፈው በቡድኑ ስም፣ በመነኸሪያ ክፍለ ከተማ በአንዲት ጠባብ ቶርኖ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ አንድ ባለሙያ ምስጋና ለማቅረብ እና ተመሳሳይ ችግር ለገጠመው ሰው ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁን ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሰፈሩም የሚያውቃቸው በዚሁ ነው።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። የበረዶ ሆኪ ከአንድ ወገን ስድስት ተጫዋቾች ተሰልፈው፣ በየ20 ደቂቃው በተከፈሉ ሦስት ክፍለ ጊዜያት የሚጫወቱት ነው። ኬንያውያን ናይሮቢ ውስጥ ባለ የሆቴል የበረዶ ሜዳ ተለማምደው፣ በአውሮፓውያኑ 2024 አገራቸው የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን አባል እስከመሆን ደርሳለች። እኛ ግን በረዶው ስለሌለን ጎማ ባለው ጫማ፣ አራት ተጫዋች እና አንድ ግብ ጠባቂ ሆነን፣ በፐክ (በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ፋንታ በኳስ እንጫወታለን። ነርስ፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ መምህራን እና ተማሪዎች አሉን፤ ጫማዎቹንም ያገለገሉ ሆነው ያመጣልን ካናዳ ኖሮ የተመለሰ አንድ አባላችን ነው። በአጥሩ በኩል የሚያልፉ አንድ አዛውንት ዱላችንን አይተው «ገና በሰኔ ተጀመረ እንዴ?» ብለውናል፤ ከዚያ ወዲህ ተጋጭተን ስንወድቅ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባባልን እንነሣለን።

ችግራችን የጀመረው ከኩሽኔታ፣ ማለትም በውስጡ ትናንሽ የብረት ጥይቶች ይዞ ጎማው በቀላሉ እንዲዞር ከሚያደርገው ክብ ብረት ነው። እያንዳንዱ ጎማ ሁለት ኩሽኔታ ስላለው እና አንድ ጥንድ ጫማ ስምንት ጎማ ስለሚይዝ፣ የቡድኑ ኩሽኔታ በጠቅላላው 224 ይደርሳል። የሲሚንቶው ብናኝ ሲገባባቸው ጎማዎቹ መንጫጫት፣ ቀጥሎም መያዝ ጀመሩ። ከመካከላችን አንዱ በውኃ እና በዱቄት ሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ቢያሰጣቸው በሁለተኛው ቀን ዝገው ተገኙ። (ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ንብረት ክፍልነቱ ግን እስካሁን አልተነጠቀብኝም።) ከዚያ የወሰድንበት አንድ ጥገና ቤት ደግሞ አዳዲሶቹን በመዶሻ እየመታ ስላስገባቸው ክዳናቸው ተጨራመተ፤ ገንዘቡንም ሁለት ጊዜ ከፍለን ጨዋታውን ለመተው ተቃርበን ነበር።

ጋሼ ዘንድ የሄድነው በአንድ የባጃጅ ሹፌር ጓደኛችን መሪነት ነው። የሰጠናቸውን ጎማ በትንሿ ጣታቸው ላይ ሰክተው፣ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው አሽከረከሩት እና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። ከዚያም የኩሽኔታውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጠርገው፣ መነጽራቸውን አድርገው 608 የሚለውን ቁጥር አነበቡ። «ይሄ እኮ የትናንሽ ሞተር ኩሽኔታ ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር። ምን ብላችሁ ነው ከውጭ አገር የምታስመጡት?» አሉን። እኛ ሁለት ወር ሙሉ ካናዳ ካለ ዘመድ ስንጠብቅ የነበረውን ዕቃ በዚያው ቀን ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛነው።

ነገር ግን አዲሱ ኩሽኔታ ገብቶም አንዳንዱ ጎማ ብሎኑ ሲጠብቅ መዞሩን ያቆም ነበር። እሳቸው አንዱን ፈትተው ካዩ በኋላ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሐል የነበረው ቀለበት የት እንደ ሄደ ጠየቁን። ለካ ያ ቀለበት ከሌለ ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር የሁለቱ ኩሽኔታዎች የውስጥ ክፍል ወደ መሐል እየተገፋ ጥይቶቹን በጎን ይጨምቃቸዋል። ከ112ቱ ጎማዎች የ31ዱ ቀለበት ቀደም ባለው ጥገና ጠፍቶ ነበር። ጋሼ ከተረፉት አንዱን ለክተው ከአሉሚኒየም ዘንግ በቶርኖ አንድ ብቻ አወጡና፣ ሳምንት ሙሉ ተጫውተንበት እንድንመለስ አዘዙን። 31ዱን በአንድ ቀን ሠርተው ገንዘባቸውን መቀበል ሲችሉ ይህን ማድረጋቸው ነው እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝ። ስንመለስ ጎማውን እንደገና አዳመጡት፣ ከቀለበቱ በጣም ጥቂት ላጡለት፣ ከዚያ በኋላ ነው የቀረውን የሠሩልን። አጠባውንም አስተምረውናል፤ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ማድረግ ብቻ በቂ ነው። ግራሶ ከልክለውናል።

የማይችሉትን ሥራ አልችልም ማለታቸውም ሊጠቀስ ይገባል። የአንድ ጫማ የአሉሚኒየም ፍሬም ሲሰነጠቅ የእሳቸው ብየዳ እንደማይዘው ነግረውን፣ አርጎን (ለአሉሚኒየም ብየዳ የሚሆን ጋዝ) ወዳለው ሌላ ባለሙያ በገዛ ልጃቸው አስይዘው ላኩን፤ ለዚህም ምንም አልተቀበሉም። የግቦቹን ብረት በትክክለኛው ልክ፣ ወርዱን 1.83 ቁመቱን 1.22 ሜትር አድርገው ከቱቦ የበየዱልን ግን እሳቸው ናቸው፤ መረቡን አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አጥማጆች ሠሩልን።

ሊሄድ ለሚያስብ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቀጠሮ ላይ ጎበዝ አይደሉም፤ ሐሙስ ያሉት ሥራ ለቅዳሜ ከሰዓት ቢደርስ ዕድለኛ ነዎት። የወፍጮ ዕቃ ከመጣ ደግሞ የእኛ ጫማ ወዲያው ወደ መደርደሪያ ይወጣል፤ እህል ይዞ የቆመ ሰው ስላለ በዚህ ልንቀየማቸው አልቻልንም። ስለዚህ ከቀትር በፊት መሄድ፣ አሮጌውን ዕቃ ሳይጥሉ ይዞ መቅረብ እና ለእሑድ የሚፈለገውን ከማክሰኞ በፊት ማድረስ ይሻላል። በስልክ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቶርኖው እየሠራ አይሰሙም።

ባለፈው ሳምንት ለምስጋና ብለን፣ በሲሚንቶ ላይ እየነጠረ ስላስቸገረን ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን እውነተኛ የበረዶ ሆኪ ፐክ ወሰድንላቸው። ከመቀበላቸው በፊት በካሊፐር ለኩት። «ውፍረቱ 25.4 ሚሊሜትር፤ ድፍን ኢንች ነው» አሉ፣ ሥራው እንዳስደሰታቸው በሚያስታውቅ ድምፅ። ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት መስሎን ነበር። ትናንት ስሄድ ግን ሞርሳው አጠገብ ነበር፤ ኩሽኔታ ሲያስገቡ መዶሻው ብረቱን እንዳይነካው ከላይ ያስቀምጡታል፣ ፊቱም ከወዲሁ ትናንሽ ክብ ምልክቶች ወጥተውበታል።