ኦአርኤስና ዚንክ፦ መድኃኒቱ ጥሩ፣ ችግሩ አለካኩ

ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ለሞት የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) የሚተካውም እሱኑ ነው። ለዋጋው ከዚህ የተሻለ ዕቃ ፋርማሲ ውስጥ አይገኝም። 20.5 ግራም የሚመዝነው ፓኬት የተሠራው ለ1 ሊትር ውሃ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ግማሽ ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ ውስጥ ሙሉውን ከገለበጡት ጨው ይበዛበታል፣ ለሕፃን አደገኛ ነው። ባለ 1 ሊትሩን ሃይላንድ ይጠቀሙ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ስኳር አይጨምሩ (ተቅማጡን ያባብሰዋል)፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉት።

ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥም።

ቅሬታችን ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው የዚንክ ኪኒን ላይ ነው፦ ብረት ብረት ይላል፣ ልጆች ይተፉታል። ለሚጠባ ሕፃን በታለበ የእናቱ ወተት ማንኪያ ላይ ማሟሟት ይሻላል። ከ6 ወር በላይ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን፣ ከዚያ በታች ግማሹ። ብዙ ሰው ግን ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ሲቆም ኪኒኑንም ያቆማል፤ ዚንክ በቀጣዮቹ ወራት ተቅማጥ እንዳይመላለስ የሚረዳው ሙሉውን ሲጨርሱት ነው።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከቀላቀለ ፓኬት አይበቃም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።