የፓይለት ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ማሽኑ ጠይቁ

ሰሞኑን ዓይኔ እያየ ተሸወድኩ። እናንተም እንዳትሸወዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሰዓቱ ሲያዩት ያምራል። ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ትልልቅ፣ ጨለማ ውስጥ ያበራል። ማስታወቂያው «የፓይለት ሰዓት፣ የጃፓን አውቶማቲክ ማሽን፣ የሁለት አገር ሰዓት በአንዴ» ይላል። ማሽን የሚሉት ቆጣሪዎቹን የሚያዞረውን የሰዓቱን ውስጥ ነው። እኔን የያዘችኝ የመጨረሻዋ ናት። ብዙ እጓዛለሁ።

እጄ እንደገባ በጎን ያለችውን መሙያ ሳብኩ። ፊቱ ላይ ትንሽ ክብ አለች፤ ውስጧ የ24 ሰዓት ቆጣሪ። እሷን ለብቻዋ በግሪንዊች ሰዓት ልሞላ ነበር ሐሳቤ። እምቢ አለች። ዋናውን ቆጣሪ ሳዞር ተከትላ ትዞራለች፣ ስተወው ትቆማለች። ለካ ከዋናው ጋር በጥርስ የተያያዘች ናት! ቀን ይሁን ሌሊት ከመንገር ሌላ ሥራ የላትም።

ሌላም ጉድ አለ። መሙያዋ ተስባ እንኳ የሰከንድ ቆጣሪው መዞሩን አያቆምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን አየር ኃይል የተሠሩት፣ 55 ሚሊ ሜትር የሚሰፉት ሰዓቶች ሰከንዳቸው ይቆም ነበር። አለዚያ ከሌላ ሰዓት ጋር በሰከንድ ማመሳሰል አይቻልማ። የፓይለት ሰዓት መልክ ከእነሱ ነው የተቀዳው። የኔው መልኩን ብቻ ቀድቷል።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ጃፓን ነው ብለናል፣ ጃፓን ነው» አለኝ። አልዋሸም፤ ችግሩ ቃሉ ምንም አለመናገሩ ነው። ሚዮታ 8215 የሚባለው ማሽን ጃፓን ነው፤ ለረጅም ዓመታት ግን ሰከንዱን የማያቆም ሆኖ ነው የተሸጠው። የሴይኮው ኤንኤች35ም ጃፓን ነው፣ እሱ ያቆማል። ኤንኤች34 ላይ የ24 ሰዓት ቆጣሪውን ለብቻ ማዞር ይቻላል። ሚዮታ 9075 ላይ ደግሞ ሰከንዱ ሳይቋረጥ የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አንድ አንድ ሰዓት እያዘለሉ መሙላት ይቻላል። አገር ለሚቀያይር ሰው እሱን የሚያህል የለም።

በነገራችን ላይ፣ ባትሪ ነው ብላችሁ ኳርትዝን አትናቁ። ተራው ኳርትዝ በወር 15 ሰከንድ ገደማ ቢዛነፍ ነው። ኤንኤች35 ግን በቀን እስከ 40 ሰከንድ ቢቀድም ፋብሪካው ጤነኛ ነው ይለዋል። ዋናው ነገራችሁ ትክክለኛ ሰዓት ከሆነ እኔ ኳርትዝ ግዙ ነው የምለው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የማሽኑን ስምና ቁጥር በጽሑፍ ተቀበሉ። «ጃፓን» ወይም «ስዊስ» መልስ አይደለም። ቁጥሩን ይዛችሁ ሰከንድ ያቆም እንደሆነ፣ የ24ቱ ቆጣሪ ለብቻው ይዞር እንደሆነ ፈልጉ። ሻጩም መሙያዋን ስቦ ያንን ቆጣሪ ለብቻው ሲያዞር በቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ።

እኔም ዘግይቼ ቪዲዮውን ጠየቅኩት። መልእክቱን አይቶታል። እስካሁን መልስ የለም።