አንድ የአልጋ ማስያዣ ሶፍትዌር በሠንጠረዦቹ ሲመዘን

ቤተሰባችን ጎንደር አራዳ ውስጥ የሚያስተዳድረው ባለ 14 ክፍል ፔንሲዮን የእንግዶቹን መዝገብ ለዓመታት በደብተር ሲይዝ ኖሮ፣ ካቻምና ክረምት አንድ የአልጋ ማስያዣ ሶፍትዌር ገዛ። ሻጮቹን በስም አላነሣም፤ የምነቅፈው ጉድለት የእነርሱ ብቻ አይደለም፣ ከመግዛታችን በፊት ባየናቸው ሌሎች ሁለት ፕሮግራሞችም ላይ አግኝቼዋለሁ። የተማርኩት ኮምፒውተር ሳይንስ ስለሆነ፣ ዕቃውን የምመዝነው በስክሪኑ ውበት ሳይሆን መረጃውን በሚያስቀምጥባቸው ሠንጠረዦች ነው።

ከውጭ ሲታይ የሚነቀፍ ነገር የለውም። በአማርኛ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ ይቀጥላል። የሪሴፕሽን ሠራተኛችን በሁለት ቀን ለምዳዋለች።

የውስጡ ነገር የተገለጠው አምና በከተራ ዋዜማ ነው። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አልጋ የሚይዘው ከወራት በፊት በመሆኑ፣ በዚያ ሳምንት አንድ ክፍል በስህተት ክፍት መስሎ ቢታይ ጣጣው ብዙ ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለቡድኑ ስድስት ክፍል ይዞ ነበር፤ መድረሻ ቀኑን ከጥር 10 ወደ ጥር 9 እንድንቀይርለት ሲደውል፣ ሠራተኛዋ በስክሪኑ ላይ ያየቻቸውን አራት ረድፎች አስተካከለች፤ የቀሩት ሁለቱ በቀጣዩ ገጽ ላይ ስለነበሩ አላየቻቸውም። ጥር 9 ማታ ሁለቱ ክፍሎች ለሌላ ሰው ተከራይተው፣ እንግዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። አባቴ እኛው ቤት አሳደራቸው።

ሻጮቹ ጥፋቱን በሠራተኛዋ ላይ ሊያላክኩ ሞክረው ነበር። እኔ ግን መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ስከፍት የማስያዣ ቁጥሩ፣ የክፍል ቁጥሩ፣ የእንግዳው ስም፣ የአስጎብኚው ስምና ስልክ፣ የመድረሻ ቀኑ፣ የክፍሉ ዓይነትና ዋጋው ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ታጭቀው አገኘኋቸው። በዚህ ሠንጠረዥ አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው የማስያዣ ቁጥሩና የክፍል ቁጥሩ ሲጣመሩ ነው፤ መድረሻ ቀኑ ግን የሚታወቀው በማስያዣ ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ፣ ስድስት ክፍል የያዘ ቡድን ቀኑ ስድስት ጊዜ ይጻፍለታል። ኖርማል ፎርም የሚባሉት፣ አንድ መረጃ በሠንጠረዥ ውስጥ በከንቱ እንዳይደጋገም የሚያደርጉ ደንቦች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚከለክለው ይህንኑ ነው፤ ረድፎቹን የሚለየው ቁልፍ ከአንድ በላይ ዓምድ ካለው፣ ቁልፍ ያልሆነው መረጃ በሙሉ ቁልፉ ላይ እንጂ በከፊሉ ላይ ሊመሠረት አይገባም። የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ፣ መረጃን በሚዛመዱ ሠንጠረዦች የማስቀመጥ ዘዴ የሆነውን የሪሌሽናል ሞዴልን ያቀረበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ነውና፣ ሠንጠረዦችን በእነዚህ ደንቦች ማስተካከል፣ ማለትም ኖርማላይዜሽን፣ ገና ያልደረሰን አዲስ ነገር ነው ሊባል አይችልም።

የአስጎብኚው ስልክ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ስልኩ የሚመሠረተው በድርጅቱ ላይ ሲሆን፣ ድርጅቱ ደግሞ በማስያዣው ላይ ይመሠረታል፤ በሌላ መረጃ በኩል አልፎ የሚመጣ እንዲህ ያለ ጥገኝነት ሦስተኛውን ኖርማል ፎርም ይጥሳል። በተግባር የደረሰብን ግን ከትርጓሜው ይልቅ ግልጽ ነው፦ አንድ ድርጅት የነበረውን ብቸኛ ማስያዣ ሲሰርዝ ስልኩም አብሮ ጠፋ። አዲስ ያደስነውን ክፍልም የመጀመሪያው እንግዳ እስኪይዘው ድረስ መመዝገብ አልቻልንም፤ ክፍሉ የራሱ ሠንጠረዥ አልነበረውማ።

በአማርኛ ሲጻፍ መደጋገሙ ይበልጥ ይጎዳል። ያው ከተማ አንድ ቦታ «ጎንደር»፣ ሌላ ቦታ «ጐንደር» ተብሎ ይገኛል፤ «ፀሐይ» የተባለችው እንግዳ በሌላ ረድፍ «ጸሃይ» ሆና ትመጣለች። ለአንባቢ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተሩ ሁለት ስለሆነ፣ የወሩ ሪፖርት አንዱን ደንበኛ ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀንም በሁለት ዓምድ፣ ሁለቱም በእጅ እየተሞሉ ይቀመጡ ነበር። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን፣ በ2016 እንደሆነው፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። አንዱ ቀን ከሌላው በስሌት የሚገኝ ከሆነ ሁለቱን መመዝገብ ሁለቱ እንዲጣሉ መፍቀድ ነው።

ሻጮቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወቀሳውን በመጨረሻ ተቀብለው በሚያዝያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክለውታል። አሁን እንግዳው፣ ክፍሉ፣ አስጎብኚው፣ ማስያዣውና በማስያዣው የተያዙት ክፍሎች የየራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው፤ ቀን የሚመዘገበው በአንድ አቆጣጠር ሲሆን ሌላው በስክሪን ላይ ይሰላል። በዚህ መካከል አንድ የተከራከርንበት ነገር ነበር። ዋጋ በክፍሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ስላለ ከማስያዣው ይውጣ አሉ፤ እኔ አልተስማማሁም። እንግዳው የተዋዋለበት ዋጋ የክፍሉ የዛሬ ዋጋ አይደለም፤ ታሪፉ ነገ ሲጨምር የትናንቱ ደረሰኝ አብሮ መለወጥ የለበትም። የሚመስሉ ሁለት ቁጥሮች አንድ መረጃ ናቸው ማለት እንዳልሆነ ከተነጋገርን በኋላ የውሉ ዋጋ በቦታው ቀረ።

ሲያስተካክሉ ግን ከመጠን አልፈዋል። የእንግዳውን አድራሻ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ብለው በአራት ሠንጠረዥ ስለከፋፈሉት፣ ሠራተኛዋ አንድ እንግዳ ለመመዝገብ ከአራት ዝርዝር ታስመርጣለች። ለአንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው ይህ አላስፈላጊ ድካም ነው።

ዘንድሮ ያው አስጎብኚ ደውሎ ቀን ሲያስቀይር የተነካው አንድ ረድፍ ብቻ ነበር፤ ስድስቱም ክፍሎች አብረው ተከተሉ። ለዚህ ስል ሶፍትዌሩን፣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሠንጠረዦቹን ለሚያይ ገዢ፣ ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። የእንግዳው ስልክ ዓምድ ግን ገና አልተነካም፤ ሁለት ስልክ ያለው እንግዳ ቁጥሮቹ በሰረዝ ተለይተው በአንድ ሳጥን ውስጥ ይጻፉለታል፣ በሁለተኛው ቁጥር መፈለግም አይቻልም። በዚህ ምክንያት ሠራተኛዋ አሮጌውን ደብተር እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዋ አላነሣችም።