«ኖ ዲስክ»፦ ትንሿ ዲቪዲና የመንዝ ብርድ

ተንቀሳቃሿን ዲቪዲ ማጫወቻ የገዛኋት በፋሲካ ሰሞን ነው። ዋጋዋ ያኔ ከአንድ ደህና የመንዝ ሙክት ብዙም አይርቅም ነበር፤ ሙክቱን ትቼ እሷን ታቅፌ ስገባ ቤት ውስጥ የተባልኩትን አልነግራችሁም። ክረምቱን አልፋ፣ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ቀምሳ፣ ይኸው ጥር ላይ ደረሰች። ስለ ድምፅዋ፣ ስለ ቀለሟ፣ ስለ ሪሞቷ የምለው ብዙ የለኝም፤ ደህና ናት። ያስጻፈኝ አንድ ጉዷ ነው፦ ዲስክ ሆዷ ውስጥ ከትተንላት «ኖ ዲስክ» ማለቷ።

መጀመሪያ ግን «በዚህ ዘመን ደግሞ ዲቪዲ ምን ያደርጋል? ስልክ የለህም ወይ?» ለሚለኝ ሰው መልስ ልስጥ። ስልክ አለኝ። ስልኬ ግን ዲስክ አይገባበትም። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ባለው የእናቴ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ የእህቴ ሰርግ አለ፣ የወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት አለ፣ የአባቴ ተዝካር አለ፣ በየንግሡ የተገዙ የመዝሙር ሲዲዎች አሉ። ፎቶ ቤቶች ያኔ ሰርግ ቀርጸው የሚያስረክቡት በዲስክ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ሙሽሮቹ በጽጌረዳ ተከበው። የቤቱ ትልቁ ዴክ ከሞተ ቆይቷል፤ አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። እህቴ ዛሬ ዐረብ አገር ናት። እናቴ ሰርጓን ለማየት የኔን መምጣት መጠበቅ የለባትም።

«ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ነበራ!» ይለኛል አሁንም ያው ሰውዬ። አስገልብጫለሁ! ዲቪዲ ቪዲዮውን የሚይዘው ግን ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ቁርጥራጮች ነው። የፎቶ ቤቱ ልጅ ቁርጥራጮቹን እንዳሉ ወደ ፍላሹ ጣላቸው። እናም አባቴ ቆመው «ውለዱ ክበዱ» ብለው ሲመርቁ፣ «ክበዱ» ላይ ሳይደርሱ ፋይሉ ያልቃል። ቀጣዩን ፋይል ከቁጥሮች መካከል ፈልጎ መክፈት የእናቴ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ዲስክ ሲሆን ክዳኑን ጠቅ አድርጎ መዝጋት ብቻ ነው፤ ራሱ ጀምሮ ራሱ ይጨርሳል። ለእሷ ልዩነቱ ይኼ ነው።

የገዛሁት መርካቶ ነው፤ የሱቁን ስም ተዉት። ሻጩ ልጅ ምላሱ ቅቤ ነበር። «ኤችዲ ናት ጋሼ» አለኝ። ወንድሜ፣ ዲቪዲ ላይ የሚጻፈው ምስል እኮ በእኛ አገር አሠራር 720 በ576 ነጥብ ነው። ቪሲዲ ከሆነ ደግሞ 352 በ288 ብቻ። ስክሪኑ የፈለገውን ያህል ኤችዲ ቢሆን ዲስኩ ላይ የሌለውን ምስል ከየት ያመጣዋል? እኔ ባለ 9 ኢንቿን የመረጥኩት እንዲያውም በተቃራኒው ምክንያት ነው። የድሮ መዝሙር ቪሲዲ በትልቅ ቴሌቪዥን ሲለጠጥ የዘማሪዎቹ ፊት ሁሉ ጡብ ጡብ ይሆናል፤ በትንሿ ላይ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። እዚህ ላይ አላሳፈረችኝም።

«የሁሉንም አገር ዲስክ ታነባለች» ያለው እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ዲቪዲ አምራቾች ዓለምን በቁጥር ሸንሽነዋታል፤ አሜሪካና ካናዳ 1፣ ምዕራብ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ እኛ ከሩሲያና ከህንድ ጋር 5። አሜሪካ ካለች አክስቴ የመጣ የፊልም ዲስክ ያለምንም ማንገራገር ተጫውቶልኛል። «ፍላሽም ታነባለች» ያለው ግን ግማሽ እውነት ነው። የድሮውን ኤቪአይ ፋይል ታነባለች፤ በስልክ የተቀረጸውን የዘንድሮ ቪዲዮ ስትሰጧት አላውቀውም ትላለች። የዘንድሮ ስልክ ኤች 264 ወይም ከዚያ በኋላ በመጣ አሠራር ነው የሚቀርጸው፤ የእነዚህ ርካሽ ማጫወቻዎች ጭንቅላት ከዚያ በፊት ቀርቷል። ይህን የምትነግሩኝ ገንዘቤን ከቆጠራችሁ በኋላ ነው እንዴ?

ወደ ጉዱ ልመለስ።

ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ የተጓዘ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ የደሴው መንገድ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ የመንዙ ወደ ግራ ይገነጠልና ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ላይ ይቀጥላል። ጉሙ አንዳንድ ቀን ረዳቱን ከሾፌሩ ይለያል። ሻንጣዬ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሸራ ለብሶ ይሄዳል፤ ዲቪዲዋም እዚያው ልብስ መካከል ናት። አመሻሽ ላይ ስደርስ የቤቱ ነገር ሌላ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ እሳት ነድዶ፣ ቡና ተጥዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱ ሞቅ ብሏል። «እስቲ አምጣት!» ይላሉ። አወጣለሁ፣ ሰርጉን እከትታለሁ፣ ክዳኑን እዘጋለሁ። ዲስኩ ይዞራል፣ ይቆማል፣ መልሶ ይዞራል፣ እርር እርር የሚል ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ሰማያዊው ስክሪን ላይ፦ «ኖ ዲስክ»። ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ። እህቴ ዲስኩ ላይ በነጭ ቬሎ ቁጭ ብላለች።

ዲስኩን በነጠላ ጫፍ ጠረግን። ሌላ ዲስክ ሞከርን። አጠፋን፣ አበራን። ጎረቤቶቻችን ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው፣ «ይሁን፣ ሌላ ቀን» ብለው ሄዱ። እናቴ «ከሙክቱ ይሻላል ያልከው ይህን ነው?» አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሳይነካት ጥርት አድርጋ አጫወተች።

እንዲህ እየሆነ ሲደጋገም ደብረ ብርሃን ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰድኳት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈታት፤ ዓይኑ እያየ አነበበች። እሱ ግን «ሌንሷ አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። እያነበበች! ሌንሱንም ከአዲስ አበባ ማስመጣት እንዳለበት፣ ቀብድ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ይዣት ወጣሁ።

ነገሩ ኋላ ሲገባኝ መነጽር ያደረገ ሰው ከውርጭ ወጥቶ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ሲገባ የሚሆነው ነው፤ መነጽሩ ጭጋግ ይለብሳል፣ ሰውዬው ማንን እንደሚስም አያውቅም። የዲቪዲ ሌንስም እንደዚያው ነው። ቀዝቃዛው ሌንስ እርጥብና ሙቅ አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ዲቪዲ የሚነበበው 650 ናኖሜትር በሆነ ቀይ የሌዘር ጨረር ነው፤ ዲስኩ ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ የሚራራቁት ደግሞ 0.74 ማይክሮን ብቻ ነው። በሲዲና በቪሲዲ ርቀቱ 1.6 ማይክሮን ነው፤ እነሱ ትንሽ ይታገሣሉ። ጨረሩ ጤዛው ላይ ከተበተነ መስመሩን ማነጣጠር አይችልም፤ ማጫወቻዋም ያላየችውን ዲስክ የለም ትላለች። ጠዋት ሌንሱ ደርቆ ታያለች። ጠጋኙ ሱቅ ውስጥም ደርቆ ነበር።

አሁን ሻጩ ልጅ በሐሳቤ መጥቶ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የዕቃው ሳይሆን የአየሩ ችግር ነው፤ መመሪያው ላይም ተጽፏል» ይለኛል። አዎ ተጽፏል። አጉሊ መነጽር በሚፈልግ ፊደል፣ ከመጨረሻው ገጽ በፊት፣ ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሙቅ ቦታ ካመጣችኋት 1 ወይም 2 ሰዓት ጠብቁ ይላል። ካርቶኑ ላይ ግን ያተማችሁት መኪና ውስጥ እየሳቁ የሚያዩ ሕፃናትን ነው! ዕቃ ከቦታ ቦታ ይሄዳል ብላችሁ ከሸጣችሁ ብርድና ሙቀትም አብረውት እንደሚሄዱ ልትነግሩን ይገባ ነበር። የመንዝ ሰው ሲገዛ ባይሆን በቃል ንገሩት። «ጋሼ የት ነው የሚጠቀሙባት?» ብሎ መጠየቅ ስንት ያስከፍላል?

ዘዴው ቀላል ነው፤ ማንም ስላልነገረኝ ግን እኔ ልንገራችሁ። ገና ብርድ ላይ ሳለች ማጫወቻዋን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ቤት ስትገቡ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቋጥራል እንጂ ሌንሱ ላይ አይቋጥርም። ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና እራት ብሉ፣ ቡና ጠጡ፤ የቤቱን ሙቀት ስትይዝ ፍቱት። እሳት ዳር አስጠግቶ ማሞቅ አይሆንም፤ ጭሱ ሌንሱ ላይ የሚተወው ቅባት ከጤዛው ይብሳል፣ ጤዛው እንኳ ይደርቃል። አጎቴ «በአረቄ ጥረጋት» ብሎኝ ነበር። የደብረ ብርሃን አረቄ ብዙ ነገር ያጸዳል ይባላል፤ ለሌንስ ግን አልደፈርኩም። ውሃም ሌላ ነገርም አለበት። ፋርማሲ የሚሸጠው ንጹሕ አልኮል፣ በጥጥ ጫፍ፣ በስሱ፣ እሱም ሲያስፈልግ ብቻ።

ከጤዛው በኋላ ያበሸቀኝ ባትሪው ነው። «5 ሰዓት ሙሉ ትሄዳለች» ተባልኩ። ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ፣ ብርሃኗን ቀንሼ፣ እዚያ ገደማ ትደርሳለች፤ አልክድም። መንዝ በታኅሣሥ ሌሊት ግን ሰርጉ ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል። የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ውስጡ ያለው ሥራ ይዘገያል፣ የሚሰጠውም ያንሳል፤ ሲሞቅ ይመለስለታል። ያልተመለሰለት ስንት እንደሆነ ባላውቅም ባትሪው አሁን እንደ ገዛሁት ሰሞን አይደለም። ውርጭ በወረደበት ጠዋት፣ ቤቱ ከዜሮ በታች ሳለ፣ «መብራት መጣ!» ብሎ ሮጦ ቻርጅ ላይ መሰካት ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ግን መብራት የሚመጣው እኛ በመረጥነው ሰዓት ነው እንዴ?

የመኪናውን ገመድ የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የኔው 12 ቮልት ነው፣ ለሚኒባስ ይሆናል። አይሱዙ የጭነት መኪና ግን 24 ቮልት ነው። አንድ ሾፌር ወዳጄ ለሸዋ ሮቢት መንገድ አውሰኝ ብሎኝ ገመዱን ገልብጬ ሳየው «12» ብቻ ይላል፤ ሰክቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጭስ ነበር። «ከ12 እስከ 24» የሚል ካያችሁ ግቡበት፤ ካላያችሁ ተዉት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ገዝተህ ተጸጸትክ ወይ ብትሉኝ፣ ኅዳር ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ በግማሽ ዋጋ እሰጣችሁ ነበር። አሁን አልሰጥም። የገና ዋዜማ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሆኖ ሳለ፣ ከፌስታሏ ፈትቼ ሰርጉን ብከትትላት አንድ ጊዜ እንኳ ሳታቅማማ አጫወተች። የዚያን ቀን «ሌላ ቀን» ብለው የሄዱት ጎረቤቶቻችን ናቸው ተመልሰው የመጡት። አንደኛዋ እትዬ ራሳቸውን ድንኳኑ ውስጥ ወጣት ሆነው ሲያስክስቱ አይተው «ይህቺ ማናት?» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም «ክበዱ»ን ጨረሱ። ስልኬ ይህን አያደርግልኝም፣ የመርካቶው ልጅ ኤችዲም አያደርግልኝም። ሙክቱ ቢሆን ደግሞ በፋሲካው ሳምንት አልቆ ነበር።

ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ከቤታችሁ ያረጀና የተጫጫረ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ የሚከትላችሁ አዲስ ዲስክ በማንኛውም ማጫወቻ ላይ ይሠራል። ፎቶ ቤት የተቀዳ ዲስክ ሲሆን ደግሞ ቅጂው ተዘግቶ ያላለቀ እንደሆነ ከቀዳው ማሽን ውጭ ላይነበብ ይችላል፣ ያንን በማጫወቻዋ አታላክኩ። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የኖረውንም እንዲሁ፤ የሚቀዳበት ቀለም በብርሃንና በሙቀት ይደበዝዛል። ባትሪዋ በእጅ የሚነቀል መሆኑንም እዩ። የኔው ይነቀላል፤ ለዚህም ነው ሻጩ «ባትሪው ለብቻው ይሸጣል፣ ችግር የለም» ያለኝ። ከጥቅምት ጀምሮ እየደወልኩለት ነው። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ይለኛል።